ስለ አፍሪካንስ ቋንቋ ቴአትርና በአዳራሹ ስለ ተቀመጡት ሰዎች

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ማታ የማቀርብላችሁ ንግግር በደቡብ አፍሪካ አፍሪካንስ በሚባለው ቋንቋ የተጻፉት ተውኔቶች ከየት ተነሥተው የት እንደ ደረሱ የሚገልጽ ነው። የአንድ አገር ቴአትር ታሪክ ሲነገር የደራስያኑ ስምና የድርሰቶቹ ርእስ በተራ ተዘርዝሮ ማብቃቱ የተለመደ ነው። እኔ ግን ፊቴን ከመድረኩ ጥቂት መለስ አድርጌ፥ በወንበሩ ላይ የተቀመጡትንና ከበሩ ላይ የተመለሱትን ሰዎች ለመመልከት አስቤአለሁ፤ የዚህ ቴአትር ምሥጢር በይበልጥ የሚገኘው ከዚያ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በመጀመሪያ ቋንቋው የማን ነው? የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1652 ያን ቫን ሪቤክ የተባለውን ሹም ልኮ በኬፕ ለመርከበኞቹ የስንቅ ማረፊያ ባቋቋመ ጊዜ፥ በአገሩ ላይ ኮይኮይ የሚባሉ ከብት አርቢዎች ይኖሩ ነበር። ኩባንያውም ለሥራ የሚፈልጋቸውን ባሪያዎች ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች፥ ከሕንድ፥ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ እየገዛ አመጣ። ጌታው በሆላንድኛ ያዛል፤ ባሪያው በሰማው መጠን፥ በገባውም ልክ፥ ሰዋስውን እያሳጠረ ይመልሳል፤ ሞግዚቲቱም በዚያው ባጠረው አነጋገር የጌታዋን ሕፃን እሹሩሩ ትላለች። ሕፃኑ ሲያድግ ከአባቱ ሆላንድኛ ይልቅ የሞግዚቱ ቋንቋ ይቀናዋል። ስለዚህ አፍሪካንስ ከእልፍኝ ይልቅ በጓዳ ውስጥ ያደገ ቋንቋ ነው ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም። የኬፕ እስላሞች ይህንኑ ቋንቋ በዐረብ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ አቡበክር ኤፌንዲ የተባሉት የሃይማኖት መምህር በዚሁ አኳኋን ያዘጋጁት መጽሐፍ በ1877 በኢስታንቡል ታትሞአል። ነጮቹ ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፥ በ1875፥ ፓርል በምትባለው ከተማ «የእውነተኛ አፍሪካነሮች ማኅበር» የተባለውን አቋቁመው ለቋንቋው መታወቅ መታገል ጀመሩ። «እውነተኛ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ከእሷ በኋላ የመጣው ጣጣ ብዙ ነውና።

ቴአትሩ ግን ማኅበሩን ይቀድመዋል። ኬፕ በእንግሊዞች እጅ በነበረችበት ጊዜ፥ በ1801፥ በኬፕ ታውን ሪቤክ አደባባይ ላይ አንድ የቴአትር ቤት ተከፈተ። የዚህ ሕንጻ ዕጣ የሚያስገርም ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ከባርነት ነፃ ለወጡት ሰዎች ትምህርት ቤትና የጸሎት ቤት ሆነና ቅዱስ እስጢፋኖስ ተባለ፤ እስከ ዛሬም ቆሞ ይታያል። እንግዲህ ባሪያ የነበሩት ሰዎች በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ባለቤት ሊቀመጡ የበቁት ቤቱ ቴአትር መሆኑን ካቆመ በኋላ ነው ማለት ነው።

በ1832 ሻርል ኤቲየን ቦኒፋስ የተባለ፥ በፈረንሳይ ተወልዶ በኬፕ የኖረ ጸሐፊ፥ በሆላንድኛ ባሳተመው ኮሜዲ ውስጥ አንዳንዶቹን ሰዎች በመንገድ በሚነገረው ቋንቋ እንዲናገሩ አደረጋቸው። ይበልጥ ዝነኛ የሆነው ግን ከስድስት ዓመት በኋላ ዛሬ ማካንዳ በምትባለው በግራሃምስታውን ከተማ የታየው «ካይኪ ኬከልቤክ» የተባለው አጭር ጨዋታ ነው። ደራሲው አንድሩ ጌዲስ ቤይን የስኮትላንድ ተወላጅ ሲሆን፥ ተራራ ሰንጥቆ መንገድ በማውጣትና የአገሩን ዐለት በመመርመር የታወቀ ሰው ነው። በጨዋታው ውስጥ አንዲት የኮይኮይ ሴት ብቅ ብላ ሆላንድኛውንና እንግሊዝኛውን እያደባለቀች ትዘፍናለች፤ ስለ መጠጧና ስለ ስርቆቷ ትለፈልፋለች፤ ሊያስተምሯት በመጡት ሚሲዮናውያን ላይም ትቀልዳለች። ተመልካቹም ሳቀ። ነገር ግን ቋንቋውን በመፍጠር ታላቅ ድርሻ የነበራቸው ሰዎች በዚህ ዓይነት ወደ መድረክ የወጡት ሊሳቅባቸው ነበር፤ ቃሉ የእነሱ፥ ሳቁ ግን የሌላ ሰው ነበረ። ይህ የሆነበት 1838 በኬፕ ከባርነት የወጡት ሰዎች የግዴታ ሥራቸውን ጨርሰው በፍጹም ነፃ የወጡበት ዓመት መሆኑ ደግሞ የታሪክ ምፀት ነው።

የፓርሉ ማኅበር መሪ የነበሩት ቄስ ኤስ. ጄ. ዱ ቶይት በ1897 ያሳተሙት «ማግሪታ ፕሪንስሎ» የመጀመሪያው የአፍሪካንስ ድራማ እየተባለ ይጠቀሳል። ታሪኩ ቦኤሮች ከኬፕ ወጥተው ወደ ሰሜን ስለ ተጓዙበት ዘመን ነው። እንደ ድርሰት ሲመዘን የሚያስደንቅ ብዙ ነገር የለበትም፤ ዋጋው በቀዳሚነቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከ1899 እስከ 1902 የተደረገው ጦርነት ነገሩን ሁሉ ለወጠው። እንግሊዞች የእርሻ ቤቶቹን አቃጥለው ቤተ ሰቡን በሰፈር ሰብስበው በያዙ ጊዜ ከ26,000 የሚበልጡ የቦኤር ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። ለብቻ በተከለሉት ሰፈሮችም እጅግ ብዙ ጥቁር ሕዝብ ሞተ፤ ይህኛው ኀዘን ግን ለብዙ ዘመን የሚያወሳው አላገኘም። ተሸንፎ ለተረፈው ነጭ ገበሬ ቋንቋው ከሟቾቹ የተረከበው አደራ ሆነበት። በ1925 አፍሪካንስ በሆላንድኛ ቦታ ከእንግሊዝኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ ሆኖ ታወቀ።

የቴአትሩ መልካም ዘመን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እኔም በዚህ ላይ ጥቂት ብዘገይ ደስ ይለኛል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ፓውል ደ ክሮት የተባለ ከሆላንድ የመጣ ተዋናይ በቴአትር ሥራ ብቻ የሚተዳደር የተዋንያን ጓድ አቋቁሞ አገር ላገር መዞር ጀመረ። ከእርሱ ጋር ሥራውን የጀመሩት ሄንድሪክ ሃኔኮምና ባለቤቱ ማቲልዴ፥ ዌና ናውዴና አንድሬ ሁጌኔት ኋላ በየራሳቸው ስመ ጥሩዎች ሆኑ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው የሆነ የቴአትር ቤት አልነበራቸውም። መጋረጃውንና የልብሱን ሣጥን በአውቶሞቢል ጭነው በአቧራማ መንገድ ከአንዱ የገጠር ከተማ ወደ ሌላው ይጓዙ፥ በትምህርት ቤት ወይም በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይጫወቱ ነበር። ካልቪን ያስተማረውን ሃይማኖት አጥብቀው የሚከተሉት ብዙዎቹ ምእመናን ቴአትርን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱት ስለ ነበረ፥ ተዋናይ መሆን ከቤተ ሰብ ጋር የሚያጣላ ሙያ ነበር። ሁጌኔት በ1906 ሲወለድ የወጣለት ስም ኼራርዱስ ፔትሩስ ቦርስትላፕ ነው፤ በመድረክ ግን በሌላ ስም ታወቀ። ይህ ሰው በ1947 የሼክስፒርን «ሐምሌት» በአፍሪካንስ ተተርጐሞ በቀረበው ትርዒት ላይ ራሱ ሐምሌትን ሆኖ ተጫወተ። ከሰባ ዓመት በፊት የወጥ ቤት ቋንቋ ተብሎ የተናቀው አነጋገር የዴንማርክን ልዑል ሲያናግር መስማት ለተመልካቹ ምን ያህል ኩራት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ሁጌኔት በ1961 ዐረፈ።

በገጠር አዳራሾች የሚቀርቡት ተውኔቶች ሁሉ ግን ስለ ኩራት አልነበሩም። ጄ. ኤፍ. ደብልዩ. ግሮስኮፍ በ1926 ያሳተመው ድርሰት ርእሱ «ልጓሙ ሲልጥ» እንደ ማለት ሲሆን፥ መሬቱ ከእጁ ስለሚወጣበት ገበሬ የሚናገር ነው። ይኸው ደራሲ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአሜሪካው የካርኔጊ ድርጅት ገንዘብ ሰጥቶ ባስጠናው የድኻ ነጮች ምርመራ ውስጥ ተካፍሎ፥ በ1932 ከወጡት አምስት መጻሕፍት መካከል ስለ ገጠሩ ድኽነት የሚናገረውን የጻፈ ነው። ቴአትር የጻፈ እጅ ተመልሶ የመንግሥት ጉዳይ የሆነ ጥናት ሲጽፍ ብዙ ጊዜ አይታይም። ዮኸም ፋን ብሩኸን ስለ ድኻው አምፒ የጻፈው ልብ ወለድም ወደ ተውኔት ተለውጦ በየከተማው ታየ። በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው መሬቱን ባንክ የወሰደበት፥ ድርቁ በጎቹን የጨረሰበት ሰው ነበረ፤ በመድረኩ ላይ የሚያየውም ራሱን ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ያንኑ ቋንቋ የሚናገር፥ ያው ድርቅ የደረሰበት፥ በዚያው እርሻ ላይ የሚሠራ ሌላ ሰው ደግሞ ነበረ፤ እርሱ በአዳራሹ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

በ1938 የቦኤሮቹ ጉዞ መቶኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ተከበረ። ኡይስ ክሪገ «ማግዳሌና ሬቲፍ»ን፥ ኤን. ፒ. ፋን ዌይክ ላው ደግሞ «ጥልቁ ፍትሕ»ን ለዚያው በዓል አበረከቱ። በ1947 መንግሥት የሚረዳው ብሔራዊ የቴአትር ድርጅት ተቋቋመና በሁለቱ ቋንቋዎች ማለት በአፍሪካንስና በእንግሊዝኛ እየተጫወተ በአገሩ ሁሉ ዞረ። በሚቀጥለው ዓመት ግን አፓርታይድን፥ ማለት ዘርን ከዘር የመለያየትን ሥርዓት፥ ዓላማው ያደረገው ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። በ1963 በብሔራዊው ድርጅት ቦታ ለአራቱ ጠቅላይ ግዛቶች አራት የትርዒት ምክር ቤቶች ተተኩ፤ ገንዘቡም በረከተ። በዚያው ዓመት ከአገር ውጭ ያሉ ብዙ ስመ ጥር ደራስያን ተመልካቹ በዘር በሚለይበት አዳራሽ ድርሰታቸው እንዳይታይ ከለከሉ። በ1965 የወጣው የመንግሥት ዐዋጅ ደግሞ የተለያዩ ዘሮች ያለ ልዩ ፈቃድ በአንድ አዳራሽ እንዳይቀመጡ፥ በአንድ መድረክም ላይ እንዳይጫወቱ አገደ። ከዚያ በፊት ልማድ የነበረው አሁን ሕግ ሆነ።

የዚህ ሥርዓት አስቸጋሪነት ለራሳቸው ለነጮቹ ደራስያን እንኳ እየተሰማቸው ሄደ። በ1966 የሪፑብሊኩ አምስተኛ ዓመት ሲከበር ፋን ዌይክ ላው ስለ ቦኤሮች ጦርነት አንድ ተውኔት እንዲጽፍ ተጠየቀ። እርሱም እስከ መጨረሻ የተዋጉትን ብቻ ሳይሆን እጃቸውን የሰጡትን፥ ከጠላት ጋር የተሰለፉትንም አሳየ፤ ሕዝብ ማለት ምን እንደ ሆነ የሚመረምር ጥያቄም በመድረኩ ላይ አነሣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፌርቩርት በበዓሉ ቀን ባደረጉት ንግግር፥ በሕዝባቸው የሚጠራጠሩትን ደራስያን ነቀፉ፤ ማንን ማለታቸው እንደ ሆነም ሁሉ ዐወቀው። የሚያሞግስ ሲጠበቅ የሚጠይቅ መጣ። (1966 ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም የሚረሳ ዓመት አይደለም፤ አገራችንና ላይቤሪያ ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በዚያው መንግሥት ላይ ያቀረቡትን ክስ የሄግ ፍርድ ቤት በሐምሌ ወር ሳይቀበለው የቀረው በዚያን ጊዜ ነው።) ባርቶ ስሚትም ሌላው የተፈተነ ደራሲ ነው። በ1960 ያሳተመው «አካለ ጐደሎዎቹ» አንድ ሴናተር ከክልስ ሴት ስለ ወለደው ልጅ የሚናገር በመሆኑ፥ የመንግሥት ጓዶች ለብዙ ዓመታት ሳያሳዩት ቀሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደርሻለሁ። አዳም ስሞል በ1936 በኬፕ ግዛት በዌሊንግተን ተወለደ። በመንግሥት መዝገብ «ከለርድ» ማለት ክልስ ተብሎ የተጻፈ ሰው ነው፤ የነዚያ የባሪያዎቹና የኮይኮዮቹ፥ የነጮቹም፥ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ለክልሶች ብቻ ተብሎ በተቋቋመው በምዕራብ ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር፤ በ1973 የተማሪዎቹን ተቃውሞ ደግፎ ሥራውን ለቀቀ። ስሞል የጻፈው የኬፕ ክልሶች በሚናገሩት አፍሪካንስ ነው፤ ይህም ካፕስ ይባላል። ከቤይን ጨዋታ ጀምሮ ይህ አነጋገር ሰው ለማሳቅ ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ነበር። ስሞል ግን ካፕስ ቀልድ እንዳልሆነ፥ ሰዎች በእሱ እንደሚወለዱበትና እንደሚሞቱበት፥ በእሱ እንደሚጸልዩበትና እንደሚራገሙበት በጽሑፉ አስረዳ።

በ1965 ያሳተመው ተውኔት «ካና ወደ ቤቱ ይመጣል» እንደ ማለት ነው። ማኪት የምትባል አካለ ስንኩል እናት ከገጠር ወደ ከተማ ፈልሳ በኬፕ ድኻ ሰፈር ትኖራለች። ያሳደገችው ልጅ ካና ባለ አእምሮ ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ ተስፋውን ሁሉ በእርሱ ላይ አድርጎ፥ ተምሮ ያወጣናል እያለ ይጠብቃል። እርሱም ባሕር ተሻግሮ መሐንዲስ ይሆናል። በዚያ መካከል ኪቲ የምትባለው ልጇ በወሮበሎች ትደፈራለች፤ ቤቱም ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ካና የሚመጣው ማኪት ከሞተች በኋላ፥ ለመቃብሯ ነው። ድርሰቱ በጊዜ ተራ አይሄድም፤ ሙታኑና ሕያዋኑ በአንድ መድረክ ይነጋገራሉ፥ ያለፈው ከአሁኑ ጋር ይቀላቀላል። ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የድምፅ ሰው ነው። ደራሲው የሚወቅሰው ማንን እንደ ሆነ በግልጽ አይናገርም፤ ሆኖም አንድ የተማረ ሰው የገዛ ቤተ ሰቡን ሊያድን የማይችልበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነ ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቀዋል። በእኔ አስተያየት በዚያ ቋንቋ ከተጻፉት ተውኔቶች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ተስፋ የተጣለበት ልጅ ከሩቅ አገር ሳይመለስ መቅረቱ እያንዳንዳችን የምናውቀው ኀዘን ስለ ሆነ፥ ለማስተዋል ትርጉም አያስፈልገውም።

ይህን ድርሰት ትልልቆቹ አዳራሾች እንዴት ተቀበሉት? ከታተመ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ1974፥ የትራንስቫል የትርዒት ምክር ቤት ነጮች ተዋንያንን አሰልፎ አሳየው። ተዋንያኑ ጥረታቸው ከልብ ነበር፤ ተመልካቹም አለቀሰ ይባላል። ነገር ግን ነጭ ተዋንያን የክልሶቹን ሰቈቃ ሲያሰሙ፥ ሰቈቃው የራሳቸው የሆነው ሰዎች በዚያው ወንበር ላይ አጠገብ ላጠገብ ለመቀመጥ አለመቻላቸውን አስቡት። በኬፕ ታውን ራሷም በ1971 የተከፈተው ታላቁ የኒኮ ማላን ቴአትር ቤት በመጀመሪያ ለነጮች ብቻ ነበር። ለሁሉም የተፈቀደው በ1975 ነው፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎች በቂም አንገባም ብለው ቆዩ። አልፈርድባቸውም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መሣሪያ አንድ ቃል ልጨምር። የደቡብ አፍሪካ ሬዲዮ በአፍሪካንስ የሚያሰማው ፕሮግራም ከ1937 ጀምሮ ብዙ ድራማዎችን አቅርቦአል፤ አመፅ የሚያልመውን የአንድ ተራ ጸሐፊ ታሪክ የያዘው የክሪስ ባርናርድ «የላፍራስ ፌርዌይ አመፅ» ለሬዲዮ የተጻፈ ነው። ዘር የሚለየው ዐዋጅ ወንበርን ሊከፍል ይችል ነበር፤ በሳሎን የተከፈተውን ድምፅ በወጥ ቤት ያለችው ሠራተኛ እንዳትሰማ ማድረግ ግን አይችልም።

በ1971 የታየው የፒ. ጂ. ዱ ፕሌሲ «የመንደሩ ነቢይ» በጆሃንስበርግ ደቡብ ያሉትን ድኻ ነጮች ሕይወት ከነስድባቸው ወደ መድረክ አውጥቶ እጅግ ተወደደ፤ ፊልምም ሆነ። የፒተር ዲርክ ኡይስ ድርሰቶች ደግሞ በሳንሱር እጅ ወደቁ። ይህ ሁሉ እንዲህ ሲሆን ሳለ፥ ሰኔ 16 ቀን 1976 የሶዌቶ ተማሪዎች በግድ በአፍሪካንስ አንማርም ብለው ሲሰለፉ ፖሊስ ተኰሰባቸው። በጓዳ ያደገው ቋንቋ በዚያ ቀን በልጆች ጆሮ የጠመንጃ ቋንቋ ሆነ። በዚያው ወር በጆሃንስበርግ የአሮጌው አትክልት ተራ ሕንጻ ታድሶ የማርኬት ቴአትር ተብሎ ለዘር ሁሉ ተከፈተ። የሬዛ ደ ዌት «ጥልቅ ምድር» በ1986 እዚያ ሲታይ ለአፍሪካንስ ተመልካች ትልቅ ድንጋጤ ነበር። በሕፃናት መጻሕፍት የተወደሰው ውብ የእርሻ ቤት በእርሷ ድርሰት ውስጥ የፈራረሰ፥ ወላጆቻቸውን ገድለው እንደ ሕፃን የሚኖሩ ወንድምና እኅት የተደበቁበት ጨለማ ሆኖ ይታያል፤ ጥቁር ሞግዚታቸው ከእነርሱ ጋር ናት። ሞግዚቲቱ እንደገና መምጣቷን ልብ በሉ።

በ1994 ሥርዓቱ ከተለወጠ በኋላ አፍሪካንስ ከአሥራ አንዱ የመንግሥት ቋንቋዎች አንዱ ብቻ ሆነ፤ የትርዒት ምክር ቤቶቹም ጓዳቸውን አፈረሱ። ቴአትሩ ይሞታል ብለው የፈሩ ነበሩ። እንዲያውም በ1995 የሰጎን ርቢ በታወቀችው በኦውትስሆርን ከተማ የተጀመረው የጥበብ በዓል በየዓመቱ አዳዲስ ተውኔቶችን ማሳየት ያዘ፤ ጓዶቹም እንደ ሃኔኮም ዘመን ዕቃቸውን በመኪና ጭነው የትምህርት ቤት አዳራሽ መፈለግ ጀመሩ። ኒኮ ማላን ስሙ ተለውጦ አርትስኬፕ ተባለ። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ አፍሪካንስን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያደረጉት ሰዎች ወደ 6.9 ሚሊዮን ሲደርሱ፥ ከግማሽ የሚበልጡት ነጮች ያልሆኑ ናቸው።

ለአፍሪካንስ ሥነ ጽሑፍ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት የኼርትሶኽ ሽልማት ይባላል። ደንቡ በቅርብ ዓመታት አዲስ መጽሐፍ ላወጣ ደራሲ ብቻ እንዲሰጥ ያዛል። በ2012 ዳኞቹ ደንቡን አልፈው ለተውኔቶቹ ሁሉ ብለው ለአዳም ስሞል ሰጡት፤ «ካና» ከታተመ አርባ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሽማግሌው ሽልማቱን ተቀበለ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በሰኔ 2016፥ በኬፕ ታውን ዐረፈ።